መጀመሪያ ውኃህን አምጣ

ሥራ ያስተወኝ ሰው አይደለም፤ ዓይኔ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ካርቱም፣ ዴም ሰፈር ካለችው ሱቄ በር ላይ ቆሜ፣ አንዲት የናስ ኖዝል ወደ ፀሐይ አንስቼ ቀዳዳዋን ብፈልግ አጣሁት። ተደፍናለች ብዬ ሆምጣጤ ውስጥ አሳደርኳት። በማግስቱም ቀዳዳ የለም። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መነጽሩን ከአፍንጫው ላይ አንስቶ አቀበለኝና በእሱ ሳያት ቀዳዳዋ ክፍት ነው። «ታደሰ፣ ዕቃዋ ደህና ናት፤ የተደፈንከው አንተ ነህ» አለኝ። ተሳሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ገብቼ ተቀመጥኩና ነገሩን አሰብኩት። ቀዳዳ ማየት የማይችል ሰው የኖዝል ሱቅ ምን ያደርግለታል? መነጽር ገዝቼ አንድ ዓመት ያህል ገፋሁ፤ ከዚያ በቃኝ አልኩ።

ሥራዬን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ውኃ ከፓምፕ ተነስቶ በቱቦ ሄዶ በመጨረሻ የሚወጣባት ትንሽ አፍ ኖዝል ትባላለች። ውኃውን ጠብታ፣ ካፊያ ወይም ጉም የምታደርገው እሷ ናት። የትኛው ሥራ የትኛዋን ኖዝል፣ የትኛዋ ኖዝል የትኛውን ፓምፕ እንደምትፈልግ መምረጥ ነው ዕድሜዬን የበላው። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ካርቱም ውስጥ ይህን ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ ሐበሻ አልነበረም ብል ጉራ አይሆንብኝም። ሱዳናዊ ግን አንድ ነበር፤ እሱም ያስተማረኝ ሰው ነው።

ከጎጃም ተነስቼ በመተማ በኩል ካርቱም ስገባ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። እንደ ብዙዎቹ ጓደኞቼ ላልፍ እንጂ ልኖር አልመጣሁም። ለጉዞው ስንቅ የሚሆነኝን ለማግኘት ኦምዱርማን ገበያ ዳር ጆንያ አወርድ ነበር። እዚያ አንድ ሱቅ ፊት ለፊት፣ በእንጨት መቆሚያ ላይ ሁለት ትልልቅ የሸክላ ጋኖች ተቀምጠዋል። ዚር ይሏቸዋል። መንገደኛ ቆሞ እንዲጠጣ ሱዳኖች በየደጁ የሚያስቀምጡት ነው፤ ማንም ማንንም ሳያስፈቅድ ይጠጣል። እኔም ጠጣሁ። ከጠጣሁ በኋላ ጣሳውን አለቅልቄ በአፉ ደፋሁት። ከሱቁ ውስጥ አንድ ረጅም ቀጭን ሰው ወጣ።

«ያ ዙል፣ ጣሳ ደፍቶ ማስቀመጥ ማን አስተማረህ?» አለኝ፤ ያ ዙል ሱዳኖች «አንተ ሰው» ሲሉ ነው።

«እናቴ» አልኩ በሰባራ ዓረብኛዬ።

«እጅህን አሳየኝ።» አየው፤ ገለበጠው። «ያላ፣ ግባ።»

ኡስታ ሲዲቅ ይህ ነው። ኡስታ እዚያ የእጅ ባለሙያን የሚጠሩበት የክብር ስም ነው። የጥጥና የአትክልት ገበሬዎች በጀርባቸው ተሸክመው መድኃኒት የሚረጩበትን መሣሪያ ይጠግን ነበር። እኔም ገባሁ፤ አሥራ አንድ ዓመት ቆየሁ። ስለ ደመወዙ ብዙ አልናገርም፤ ያኖር ነበር።

የእሱን አመል ላውራ፤ ከእሱ የወሰድኩት ሁሉ አመሉ ውስጥ ነው ያለው። ጠዋት ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ዚሮቹን በእጁ ይፈትጋል፤ ለሌላ ሰው አይሰጥም። ከሥራቸው ጎድጓዳ ሳህን ያስቀምጣል። ዚር ውኃ ያልባል፤ ላቡ በሸክላው አልፎ ጠብ ጠብ እያለ ከታች ይጠራቀማል። ጭቃና አሸዋው ላይ ቀርቶ የሚወርደው ንጹሕ ነው። ኡስታ ኖዝል የሚሞክረው በዚያ ውኃ ነው። ጥቁር ጨርቅ አለው፤ ኖዝሉ ሲረጭ ጨርቁን በክንድ ርቀት ይዞ እስከ ሦስት ይቆጥራል። ጨርቁ እኩል ጤዛ ከመሰለ ጥሩ ነው። ውኃው ከወረደ ጠብታው ወፍሯል። ጨርቁ ደረቅ ከቀረ ደግሞ ጉሙ ስለቀጠነ ነፋስ ወስዶታል ማለት ነው፤ የሚያምር ጉም ሁሉ አያጠጣም። ከጨርቁ በኋላ እጁን ይዘረጋል፤ መዳፉን ሳይሆን አይበሉባውን። «የሠራተኛ መዳፍ ውሸታም ነው፤ ደንድኗል» ይል ነበር።

የተደፈነ ኖዝል በመርፌ ሲወጋ ካየኝ ይቆጣል፤ መርፌ ቀዳዳ ያሰፋል። እሱ የሚጠቀመው ውኃ ከሚያመላልሱት የአህያ ጋሪዎች፣ ከአህያዋ ጭራ የሚነቅለውን ፀጉር ነው። ባለጋሪዎቹ ሲያዩት አህያቸውን ይዘው ይሸሹ ነበር። ፓምፕ ሲታመም ደግሞ የብሎን መፍቻውን ጫፍ ፓምፑ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ ያዳምጣል፤ ጎማው መተርተር ከጀመረ ገና ሳይፈስ ያውቃል።

አንድ አመሉ ግን ያሰለቸኝ ነበር። ማንም ደንበኛ ኖዝል ልግዛ ብሎ ሲመጣ «መጀመሪያ ውኃህን አምጣ» ይለዋል። ከጉድጓድ ይሁን ከቦይ፣ የሚረጭበትን ውኃ በጠርሙስ ይዞ ካልመጣ አይሸጥለትም። ከሩቅ የመጣ ገበሬ ተናዶ ሌላ ሱቅ ሲሄድ ስንቴ አይቻለሁ። የመጣውን ጠርሙስ መስኮት ላይ አስቀምጦ ያሳድረዋል፤ በማግስቱ ከታች የረጋውን አይቶ ይመርጣል። በደሚራ ጊዜ፣ ዓባይ ሞልቶ ደፍርሶ ሲወርድ፣ ጠርሙሱ ግማሽ ድረስ ቡናማ ይሆናል። ያን ጊዜ ይጠራኝና «ያ ታደሰ፣ አገርህ መጣች፤ ና ሰላም በላት» ይለኛል። የጎጃም አፈር ነው። ዓባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል የሚባለውን ተርጉሜ ብነግረው ደስ ብሎት ለደንበኛ ሁሉ ሲያወራው ከረመ።

ከእሱ ዘንድ ወጥቼ ሐጅ ዩሱፍ በሚባል ሰፈር አንድ የዶሮ እርባታ ገባሁ። አለቃዬ ሠራተኛው ሁሉ ባሽሙሐንዲስ የሚለው መሐንዲስ ነበር። ዶሮዎቹ በሙቀት እንዳያልቁ ከጣሪያው ጉም የሚረጭ መሥመር ሊዘረጋ ፈልጎ፣ እኔ ሳልደርስ ትልቅ ፓምፕ ገዝቶ ቆየኝ። ፓምፑ ውኃ ያዥጎደጉዳል እንጂ ግፊት የለውም፤ ከኖዝሎቹ የወጣው ጉም ሳይሆን ዝናብ ነው። ዶሮዎቹ በስብሰው አዩኝ፤ እኔም አየኋቸው። ሰው ፓምፕ የሚመርጠው በግዙፍነቱ ነው፤ በሬ የሚገዛ ይመስለዋል። ባሽሙሐንዲስን አስቀምጬ አሳየሁት። መጀመሪያ ኖዝሉ ይመረጣል። አንዱ ኖዝል በደቂቃ ስንት ብርጭቆ ውኃ እንደሚተፋ በሰዓት ይለካል፤ በኖዝሎቹ ቁጥር ይባዛል፤ ሲሶ ይጨመርበታል። ከዚያ ያን ያህል ውኃ በሚፈለገው ግፊት የሚገፋ ፓምፕ ይፈለጋል። ፓምፕ ሙሽራው አይደለም፤ ሚዜው ነው። ባሽሙሐንዲስ ኩሩ ቢሆንም ሰማኝ፤ ትልቁን ፓምፕ መልሶ ትንሽ ባለግፊት አመጣ። ዶሮዎቹ ተረፉ፤ ኢቃማ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃዴንም እሱ ሮጦ አሳደሰልኝ።

ከዚያ በኋላ ነው ዴም የራሴን ሱቅ የከፈትኩት። ዴም የሐበሻ ሰፈር ነው፤ ምግብ ቤቱም ኪራይ ቤቱም። ለየምግብ ቤቱ በረንዳ የጉም መሥመር ዘረጋሁ፤ ለችግኝ ጣቢያ፣ ለአበባ ሻጭ ሠራሁ። በሬ ላይ እንደ ኡስታ ሁለት ዚር አቆምኩ። ከሥሩ በሚጠራቀመው ውኃ ኖዝል እሞክራለሁ፤ ጥቁር ጨርቅም አለኝ። አንዷን አመሉን ብቻ ተውኳት። «ውኃህን አምጣ» አልልም ነበር። ደንበኛ ይሸሻል፣ ጊዜ ይባክናል፤ ደግሞም ኖዝልን በማየት ብቻ የማውቀው ይመስለኝ ነበር።

ዘይነብ የመጣችው በዚህ ጊዜ ነው።

ዘይነብ የወሎ ሴት ናት፣ ከከሚሴ በኩል። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታለች፤ ውሎዋም አዳሯም አሠሪዎቿ ዘንድ። ሐያት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ አለቻት። ሠራተኛ የሚቀጥር ቤት ልጅ አብሮ አይቀበልም፤ ስለዚህ ሐያት ሐጅ ዩሱፍ አንዲት የአገሯ ሴት ዘንድ ታድግ ነበር። እናትና ልጅ የሚተያዩት ዓርብ ዓርብ ነው።

«ጋሼ ታደሰ» አለችኝ፣ «ባለፈው ዓርብ ኻልቶ ብላ ጠራችኝ። አክስቴ ማለት እኮ ነው። ዓረብኛ ለምዳ ተሳስታ ነው ብዬ ዝም አልኩ። አልተሳሳተችም ግን።»

የአሠሪዎቿ ልጅ ግብርና ተማሪ ነበር። ግቢያቸው ውስጥ ሦስት ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜሎች ጎናቸውን እየበሳ ናዕናና ጅርጅር ተክሎባቸው ነበር፤ ናዕና ሻይ ውስጥ የሚገባው፣ ጅርጅር ከፉል ጋር የሚበላው ቅጠል ነው። አፈር የለም። ግንዱ ቀዳዳው ላይ ይያዛል፣ ሥሩ በርሜሉ ውስጥ በአየር ላይ ይንጠለጠላል፣ በየደቂቃው ማዳበሪያ የተቀላቀለበት ጉም ይረጭለታል፤ የሚጠጣውም የሚበላውም ያን ነው። ልጁ ጀመረው እንጂ ያሳደገችው ዘይነብ ናት። ቤተሰቡ ጠቅልሎ ወደ ውጭ ሲሄድ በርሜሎቹን ሰጧት። ፓምፑ ተቃጥሏል፤ ኖዝሎቹ የሉም። እሷ ሐጅ ዩሱፍ አንድ ክፍል ከነግቢው ተከራየች። አንድ የፉል ቤት ባለቤት ናዕናና ጅርጅር ካቀረብሽልኝ ሁሉንም እወስዳለሁ አላት።

«ይኼ ከሠመረልኝ ልጄን ይዤ እኖራለሁ» አለችኝ። «ካልሠመረ ማዳም ከመሄዷ በፊት ሌላ ቤት አግኝታልኛለች፤ አዳሪ ነው። የሚጠብቁኝ እስከሚመጣው ወር መጨረሻ ነው።»

«ኸላስ፣ ጨርሰሻል፤ ማዳምሽን እርሺያት» አልኳት። እንዲህ ነበርኩ።

አንድ ቢጫ ጀሪካን ይዛ መጥታ ነበር። «የግቢዬ ውኃ ነው፤ ልጁ ውኃውን ሳያይ ምንም አይነካም ነበርና አምጥቻለሁ» አለችኝ። ደሚራ ከገባ ሳምንት ሆኖታል። እጄ በግራሶ ጠቁሯል። ጀሪካኑን ተቀብዬ ከፈትኩና እጄን ታጠብኩበት። «ይኼ የዓባይ ውኃ ነው፤ እኔ የዓባይ ልጅ ነኝ፣ የአገሬን ውኃ አላጣውም» አልኳት እየሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም፤ ባዶውን ጀሪካን ብቻ ተቀበለችኝ።

የመረጥኩላት ምርጥ ዕቃ ነው፤ ይህን ዛሬም አልክድም። አሥራ ሁለት ኖዝል፣ ቀዳዳቸው ፀጉር የሚያህል። ፓምፑ ቤት ውስጥ የመጠጥ ውኃ ከሚያጣራው መሣሪያ ላይ የሚገኘው፣ ትንሽ ሆኖ ግፊቱ ብርቱ የሆነው ዓይነት። ሱቄ ውስጥ አገናኝቼ በዚሩ ውኃ ሞከርኩት። ጉሙ ሲወጣ ቤቱ ነጭ ሆነ። ጨርቁ ጤዛ ለበሰ። ዘይነብ አይበሉባዋን ዘርግታ «ሱብሓን አላህ» አለች። እንደዚያ ቀን በሥራዬ የኮራሁበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ሄጄ ገጠምኩላት። ናዕናው ሥር ሰደደ፤ ሥሩም ነጭ፣ ጥጥ የመሰለ ሆነ። በሰባተኛው ቀን ዘይነብ ሐያትን ከነልብስ ቦርሳዋ አምጥታ አብራት አሳደረቻት።

በአሥረኛው ቀን ስልክ ደወለች። «ጋሼ፣ ጉሙ የለም።»

ከዴም ሐጅ ዩሱፍ ድልድይ መሻገር አለ። በዚያ ቀን ድልድዩ ላይ መኪና ቆሟል፤ እኔ በሐፍላ፣ በከተማው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጬ ላቤን እጠርጋለሁ። ሥሩ አየር ላይ ያለ ተክል እንደ ሌላው አይደለም። አፈር ቢደርቅ እርጥበት ይቆያል፤ እዚህ ጉሙ ከቆመ በካርቱም ሙቀት ያለው ጊዜ ሁለት ሰዓት ቢሆን ነው። ስደርስ ሦስት ሰዓት አልፎታል። የበርሜሉን ክዳን ሳነሳ ያ ነጭ ሥር ቡናማ ሆኖ ተጣብቋል። ቅጠሉ ሁሉ አንገቱን ደፍቷል። አንዷን ኖዝል ፈትቼ መዳፌ ላይ መታ መታ ባደርጋት እንደ ሊጥ የሚያጣብቅ ቀይ ቡናማ ጭቃ ወጣ። ሁለተኛዋም። አሥራ ሁለቱም።

የጎጃም አፈር ነው። እዚህ ድረስ ተከትሎኝ መጥቶ የዘይነብን ተክል አንቆ ገደለው ብል ማላከክ ይሆናል፤ አፈሩ በየዓመቱ ይመጣል፣ እኔም እንደሚመጣ አውቃለሁ። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው ተረት ያን ቀን በእኔ ደረሰ። አፈርኩ። ሃምሳ ዓመት አልፎኝ እንደ ልጅ ፊቴ ሲግል ተሰማኝ።

ሐያት በሩ ላይ ቆማ ታያለች። «ሃ አርጃዕ?» አለች፤ ልመለስ ነው? ማለቷ ነው። እናቷ ወደ እኔ ዞር ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሳ፣ «ያን ጀሪካን እጅዎን ታጥበውበት ነበር» አለችኝ።

ብትሰድበኝ እመርጥ ነበር።

በማግስቱ ኦምዱርማን ሄድኩ። ኡስታ ሲዲቅ ሥራ ከተወ ቆይቷል፤ ጉልበቱ አልታዘዝ ብሎት ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር አልጋ ላይ ይውላል። አጠገቡ ዚር አለ፣ ከሥሩም ሳህን። ሻይ አስመጣልኝ። ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ነገርኩት፤ የኖዝሉን ቀዳዳ፣ የፓምፑን ግፊት፣ የበርሜሉን ስፋት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ።

«የቱን ውኃ ተጠቅመህ ሞከርከው?» አለ።

«እርስዎ የሚሞክሩበትን። የዚሩን።»

ዓይኑን ገልጦ ወደ ዚሩ አየ። ከዚሩ ሥር ጠብ ይላል፤ እንደገና ጠብ ይላል። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ሠርቼ ሁለቱን አመሎቹን ለያይቼ አንዱን ወስጄ አንዱን ጥያለሁ፤ ሁለቱ ግን አንድ ናቸው።

«ስማ ያ ታደሰ» አለኝ። «በዚር ውኃ የምሞክረው ኖዝሏን ለማወቅ ነው። ደህና ናት፣ አይደለችም፤ በቃ። ቤቱን ለማወቅ ግን የቤቱን ውኃ አመጣለሁ። ሴትዮዋ ውኃዋን እጅህ ላይ ድረስ አምጥታልህ ነበር ወላሂ። ከአንተ ይልቅ እሷ ተማሪዬ ነበረች።»

«አሁን ምን ላድርግ?»

«የቀረህ ቀን ስንት ነው?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

«ናዕና ደግ ተክል ነው፤ ከገበያ እስር ገዝተህ ውኃ ውስጥ ብትነክረው ሥር ያወጣል። አሥራ ዘጠኝ ቀን ይበቃል። የማይበቃው የአንተ ኩራት ነው፤ እሱን ድልድዩ ላይ ጥለኸው እለፍ። ሴትዮዋም ትፈትንህ። አንተ አይደለህም የምትፈትነው።»

ከእሱ ግቢ በቀጥታ ዘይነብ ዘንድ ሄድኩ። ይቅርታ ጠየቅኳት፤ ዕቃውን በራሴ ወጪ እንደምለውጥ ነገርኳት። «እንዲህ ከሆነ በኔ ውኃ፣ እኔ ፊት» አለችኝ። በዚያው በጀሪካኑ ቀዳችና መስተዋት ማሰሮ ውስጥ አስቀመጠችው። ጠዋት ተመልሼ ሳየው ከታች አንድ ጣት የሚያህል ደለል ረግቷል። አንድ ሌሊት ብታገሥ ኖሮ ይህን ሁሉ ያን ጊዜ አየው ነበር።

ከዚያ ከገበያ የናዕና እስር ገዝተን ሥር እንዲያወጣ ውኃ ውስጥ ነከርንና እንደገና ጀመርኩ። ቀዳዳው ሰፋ ያለ የችግኝ ጣቢያ የፕላስቲክ ኖዝል መረጥኩ፤ ጉሙ ያን ያህል አያምርም፣ ሱቅ ውስጥ ቢታይ ማንም ሱብሓን አላህ አይልም። ግን ፈትቼ በጣቴ የማጸዳው፣ ዘይነብም በጣቷ የምታጸዳው ነው። ፓምፑን ወደ መድኃኒት መርጫው ዓይነት ለወጥኩት፤ ያ ጎማ በሆዱ እየገፋ የሚሠራ፣ ቆሻሻ የሚችል፣ ራክሻ በሚሉት ባጃጅ ባትሪ የሚነሳ ነው። መብራት እዚያ ሲፈልግ ይሄዳል፤ የራክሻ ባትሪ ግን በየመንደሩ አለ። ከፓምፑ በፊት የጨርቅ ማጣሪያ አስገባሁ። ዘይነብ ግን ማጣሪያውን አይታ ራሷን ነቀነቀች።

«ጋሼ፣ ይኼ ጨርቅ ጭቃውን ይይዛል፤ ዱቄቱን አይይዝም። ሱቅዎ በር ላይ ያለው ጋን ግን ይይዛል። ያን ቀን ከሥሩ ሲቀዱ አይቻለሁ። ለምን ከእሱ አይጠጡም?»

«ማን?»

«ተክሎቹ።»

ሠላሳ ዓመት ከዚር ሥር ውኃ ስቀዳ ኖሬ ይህን አላሰብኩትም። ሥሩ በአየር ላይ ያለ ተክል የሚጠጣው ጥቂት ነው፤ ያልጠጣው ተመልሶ ይወርዳል፣ እንደገና ይረጫል። ለሦስት በርሜል በቀን የሚጎድለውን አራት ዚር አልበው ይሞሉታል። አራት ዚር በጋሪ አስመጣን። መቆሚያ ሠርተን በተርታ አቆምናቸው፤ ከሥራቸው ቆርቆሮ ቦይ ዘርግተን ጠብታው ወደ ማጠራቀሚያው እንዲወርድ አደረግን። ማጠራቀሚያውን ከሙቀት አንገቱ ድረስ መሬት ውስጥ ቀበርነው። በየአምስት ቀኑ የዚሮቹን ሆድ መፈተግ ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ሸክላውም ራሱ ይደፈናል። የገጠምኩት ዕለት ዘይነብ ራሷ ፓምፑን ከፈተች። ጥቁር ጨርቄን ሰጠኋት። ያዘች፤ እስከ ሦስት ቆጠረች። ከዚያ ዓይኗን ከኔ ላይ ሳታነሳ አይበሉባዋን ዘረጋች።

«ይሁን» አለች። ሱብሓን አላህ አላለችም።

እነዚያን አሥራ ዘጠኝ ቀናት እንዴት እንደገፋኋቸው እኔ ነኝ የማውቀው። በየሁለት ቀኑ ድልድይ እሻገራለሁ። በስምንተኛው ቀን መብራት ጠፍቶ እስከ ማግስቱ አልመጣም፤ ባትሪው ቻለ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ሁለት ኖዝል ደከመ፤ እኔ ስደርስ ዘይነብ ፈትታ አጽድታ መልሳ ገጥማቸዋለች። ሐያት ቦርሳዋን ግድግዳው ላይ እንደሰቀለች ነው፤ ልብሷን አውጥታ አላስቀመጠችም። ያን ቦርሳ ባየሁ ቁጥር የፓምፑን ድምፅ ሁለቴ አዳምጣለሁ።

የወሩ መጨረሻ ቀን ጠዋት አንድ መኪና በሩ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ነፋ። አዲሶቹ አሠሪዎች የላኩት ሾፌር ነው። ዘይነብ እጅጌዋን ሰብስባ ናዕና ታጭዳለች፣ እኔ አስርላታለሁ፤ የፉል ቤቱ ሰው የመጀመሪያውን ጭነት ከቀትር በፊት ይፈልጋል። አንድ እስር አንስታ ወጣችና በመስኮቱ አቀበለችው።

«ለማዳምህ ስጥልኝ። ሰላም በልልኝ። አልመጣም።»

ሾፌሩ አሽትቶት «ወላሂ ጥሩ ናዕና ነው» ብሎ ሄደ። ወደ ክፍሉ ስንገባ ቦርሳው ግድግዳው ላይ የለም። ሐያት ልብሷን አልጋው ላይ እያጠፈች ትደረድራለች። እናቷን «እማ» አለቻት፤ ቀጥሎ የጠየቀቻትን አልሰማሁም፤ ወጥቼ ዚር የማይ መሰልኩ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ደስ የሚል ነው፤ ደስ የሚል ነገር ደግሞ ሲወራ ያጥራል። በርሜሎቹ ዘጠኝ ሆኑ። ሌሎች ሴቶችም ከዘይነብ እያዩ ጀመሩ፤ ዕቃ ሲፈልጉ ወደ እኔ ይልካሉ። እኔም እንደ ኡስታ ክፉ ሆንኩ፤ ውኃውን ያላመጣ ሰው በሬን አያልፍም። ተቆጥቶ የሄደውን አልቆጥርም፤ ተመልሶ የመጣው ይበልጣል። ኡስታ ሲዲቅ ከማረፉ በፊት በርሜሎቹን ልናሳየው በራክሻ ወስደነው ነበር። ዚሮቹን አይቶ ብዙ ቆየ። «ያ ታደሰ፣ ይህን ያሰብከው አንተ ነህ?» አለኝ። አይደለሁም አልኩ። «አውቄያለሁ» አለ።

ዘይነብ በየዓመቱ ደሚራ ሲገባ ጀሪካኗን ይዛ ትመጣ ነበር። የዓመቱን ውኃ በአዲሶቹ ኖዝሎች እንሞክራለን፣ ከዚያ ሻይ ጠጥተን ትሄዳለች። ያ ከግራሶው ጋር የፈሰሰ ውኃ በመካከላችን ተነስቶ አያውቅም።

ሱቁን የዘጋሁ ቀንም መጣች። ሐያት ከእናቷ በቁመት በልጣ፣ ራክሻው ውስጥ ቁጭ ብላ ስልኳን ትነካካለች። መደርደሪያው ባዶ ነው፤ የቀረችው አንዲት ኖዝልና ጥቁሩ ጨርቅ ናቸው። ኖዝሏን ወደ ብርሃን አነሳሁ፤ በመነጽሩም ቀዳዳዋ አልታየኝም። ለዘይነብ አቀበልኳት።

ወደ በሩ ወጥታ አንድ ዓይኗን ጨፈነች። «ክፍት ናት።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«በውኃዬ እንየው።»

ቱቦውን ገጠምን፤ ከጀሪካኑ አስገባን። እኔ ጨርቁን ያዝኩ፤ እሷ ቆጠረች። ጨርቁ እኩል ጤዛ ለበሰ። አጥፌ ሰጠኋት፤ ያንቺ ነው አልኳት። ተቀብላ ከነጠላዋ ሥር አስገባችውና ጀሪካኑን አነሳች፤ ግማሽ ያህል ቀርቶበታል።

«እጅዎን ያምጡ፣ ጋሼ።»

ሁለት እጄን ዘረጋሁ። ቀስ አድርጋ አፈሰሰችልኝ።

«አሁን ይታጠቡበት» አለችኝ፤ «ተሞክሯል።»